ቀይ ነጥብ የሌለው ሳጥን

ጥቅምት 4

የሦስተኛው ፍሪዘር በር ከዓርብ ጀምሮ በደንብ ሳይገጥም ሰንብቷል። አመዳይ ውጦት ጠበቀኝ። ጠዋቱን በሙሉ በፕላስቲክ መፋቂያ ስፍቅ አረፈድኩ። ሁለት ጓንት ደርቤ እንኳ የቀኝ እጄ ጣቶች እስካሁን ደንዝዘዋል። እስክርቢቶው በሌላ ሰው እጅ የተያዘ ይመስላል።

ሌላ ምንም የለም።

አዎ… ዶክተሯ ደብዳቤ ደርሷታል። የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ናት። በሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎች የእኛን ጥናት ሊደግሙት ሞክረዋል። "አልሆነልንም" ቢሉ ደግ ነበር። "ተገላቢጦሹን አገኘን" ነው ያሉት።

አጉሊ ሳቀ። ማይክሮስኮፕ ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት በመሣሪያው ብቻ አይደለም፤ ወሬም ያጎላል። "ቅናት ነው" አለ። "ስም ስላገኘን እንቅልፍ አጥተዋል።"

ቤት ስገባ ታላቅ እህቴ እትዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች።

"ማሙሽ፣ ዛሬ ስንት ሳጥን ዘጋህ?"

"አንድም።"

"ሰነፍ።"

ደህና ቀን ነው ማለት ነው። አውቃኛለች።

ጥቅምት 6

እኔ ሥራ ስውል እትዬ ጋ የምትቀመጥልን ጎረቤታችን፣ ጡረተኛዋ መምህር፣ ዛሬ ጠየቀችኝ። "ለመሆኑ አንተና እህትህ እዚያ ምን ነበር የምትሠሩት?"

አፌን ሳልከፍት እትዬ መለሰች። ከየት እንዳመጣችው እንጃ። እንደ ድሮዋ።

"አንጎል ውሃው ሲወጣለት ከግማሽ በላይ ስብ ነው። ስብ ደግሞ በውሃ ውስጥ ብቻውን አይሄድም። የሚሸከመው ይፈልጋል። ተሸካሚው ፕሮቲን ነው። እኛ ኩሊ ነው የምንለው። ስቡን ተሸክሞ ለሚያስፈልገው ሴል ያደርሳል።"

"ካላደረሰስ?"

"እንደኔ ትሆኛለሽ።"

መምህሯ የምታይበት አጣች። እትዬ ግን ሳቀች። ከልቧ። ከዚያ መነጽሯን ፍለጋ ተነሳች፤ ዓይኗ ላይ ነበር።

የመርሳት በሽታ በያዛቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ ኩሊው ባዶ እጁን ይመላለሳል ብሎ ነበር ሰው ሁሉ የሚጠብቀው። እኛ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ አገኘነው። የታወቅነው በዚህ ነው። ሁለት ዓመት ሆነ። አሁን ተገላቢጦሹ ይላሉ…

ጥቅምት 9

ቅዳሜ። ዕቃ ሳጥብ ብርጭቆ አመለጠኝ። ድምፁን ሰምታ ከመኝታ ቤት በባዶ እግሯ መጣች። "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የሰበርኩት!"

"እትዬ፣ ቁሚ፣ እግርሽን ይወጋሻል።"

"እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።" የምታየው እኔን አልነበረም። በሩን ነው።

አባታችን ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ለእሷ ግን ቀበቶው አሁንም በሩ ላይ ተሰቅሏል። ልጅ ሳለሁ እኔ የሰበርኩትን ሁሉ እሷ ነበረች የምትሰብረው። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ ሰባት። የጎረቤት መስኮት። የአባባ ሰዓት። ሰዓቱን እንኳ… ሰዓቱን ሆን ብዬ ነበር የፈታሁት።

ስብርባሪውን ለቀምኩ። አንድ ሁለት ጊዜ ደግሜ ጠረግሁ።

ጥቅምት 12

ዶክተሯ "እንደገና እንለካ" አለች። የጥናቱን ሳጥን አወጣሁት።

ዘጠኝ በዘጠኝ። ሰማንያ አንድ ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አተር የምታክል የአንጎል ቁራጭ የያዘች ብልቃጥ። ከአንድ እስከ አርባ ጤነኞች የነበሩ። ከአርባ ሁለት እስከ ሰማንያ አንድ በሽታው የነበረባቸው። መሃል ያለችው አርባ አንደኛዋ የማንም አይደለችም፤ ውጤቷ አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻ ናት። እሷ ልክ ከመጣች ልኬቱ ልክ ነው ይባላል። ሁልጊዜ ልክ መጥታለች።

ብልቃጦቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ውርጩ በልቶታል። ማንነታቸው ቦታቸው ብቻ ነው። ለዚህ ነበር እትዬ በየሳጥኑ የመጀመሪያ ማዕዘን ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ የምታደርገው። እስክርቢቶ በአልኮል ሲወለወል ይለቃል። የጥፍር ቀለም ከዜሮ በታች ሰማንያ ላይም ንቅንቅ አይልም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አደረገች። ጥፍሯን ስትቀባ ግን አንድም ቀን አላየኋትም።

ይህ ሳጥን ነጥብ የለውም።

ጥቅምት 14

የሦስተኛዋ ብልቃጥ ባለቤት በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ በመኪና አደጋ የሞተ ሰው ነው። ጤነኛ። መዝገቡ እንደዚያ ይላል። አጉሊ ከቁራጯ ስስ አድርጎ ቆርጦ፣ ቀብቶ፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረጋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያጎላ ተናገረ።

"ና እስቲ እይ።"

እድፍ በእድፍ። የበሽታው እድፍ። መስኩ ሙሉ።

"በመኪና አደጋ ነው የሞተው አላልከኝም?"

"መዝገቡ ነው ያለው።"

"እንግዲህ ይሄ ሰውዬ መኪናውን የት እንዳቆመው ከረሳ ቆይቷል።"

ማንም አልሳቀም። እሱም።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሳጥኑ ዞሯል። ሦስተኛው ሰባ ዘጠነኛው ነው። አንደኛው ሰማንያ አንደኛው። ጤነኛው ታማሚ፣ ታማሚው ጤነኛ። መሃለኛዋ ብቻ ሳጥኑን ብታዞረውም ቦታዋን አትለቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ "ልክ ናችሁ" ስትለን የኖረችው እሷ ናት።

ጥቅምት 15

ዶክተሯ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ተማሪ ሆና ስትመጣ የብልቃጥ አያያዝ ያስተማረቻት እትዬ ናት።

"ሳጥኑን ማን ነው የደረደረው?"

መዝገቡ ላይ ፊርማ የለም። ያኔ አንፈርምም ነበር። ሳጥን የሚዘጋው አንድ ሰው ነበር፤ ለማን ይፈረማል?

"እትዬ ናት" አልኩ። "ሌላ ማን አለ?"

አልዘገየሁም። ለምን እዘገያለሁ?

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። "ያኔ ጀምሯት ነበር ማለት ነው?"

"ሳይሆን አይቀርም።"

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ንዴት ወደ ሐዘኔታ ሲዞር ታየኝ። አጉሊ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ሁሉም አዘነልኝ። ቀለል አለኝ… እንዲህ ብዬ መጻፌ ነውር ነው፤ ግን ቀለል አለኝ።

ጥቅምት 16

ጠየቅኳት። መጠየቅ አልነበረብኝም።

"እትዬ፣ የሰማንያ አንዱን ሳጥን ታስታውሺዋለሽ? ነጥብ የሌለውን?"

"ነጥብ የሌለው ሳጥን የኔ አይደለም።"

"ረስተሽው ይሆናላ።"

እጇን ከጭኗ ላይ አነሳች። "አልነካሁትም።"

"እሺ።"

"ምን እሺ ትለኛለህ? አልነካሁትም አልኩህ እኮ!"

ምሳ መብላቷን አታስታውስም። የመምህሯን ስም በቀን አሥር ጊዜ ትጠይቃለች። የሁለት ዓመት ሳጥን ከየት ታመጣለች? በሽታው እንዲህ ነው፤ የሌለውን ነገር አጥብቆ ያስይዛል። አንብቤዋለሁ።

ጥቅምት 19

የፍሪዘሩ ክፍል በር ላይ የነሐስ ሰሌዳ ነበር። አምና ጡረታ ስትወጣ የተሰቀለ። ስሟ፣ ከሥሩም "ሠላሳ ዓመት፣ አንድም ብልቃጥ ሳይጠፋ"። ጠዋት ስደርስ አጉሊ ካቻቢቴ ይዞ ቆሟል።

"ታዝዤ ነው። ለጊዜው ነው ብለውኛል።"

"ችግር የለም።"

"አጎላሁ እንዳትለኝ እንጂ አንዱን ብሎን ለመፍታት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።"

አራት የብሎን ቀዳዳዎች። ሳልፍ ሳገድም አያቸዋለሁ። ችግር የለም አልኩ? እኔ ነኝ ያልኩት?

ጥቅምት 25

መምህሯ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"እህትህን ምን ብለሃት ነው? አልነካሁትም፣ አልነካሁትም… ቀኑን ሙሉ። ምኑን ስላት ሳጥኑን ትለኛለች። ወርቅ ጠፍቶባችኋል እንዴ?"

"የድሮ ሥራ ነገር ነው።"

"ታዲያ አልነካሽውም በላታ! ምን ትሆናለህ?"

ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ካርዲጋኗን ገልብጣ ለብሳዋለች። "አልነካሁትም" አለችኝ፤ እንደ ሰላምታ።

አልነካሽውም ልላት ፈለግሁ። መዋሸት መሰለኝ። ካርዲጋኑን አውልቄ አስተካክዬ አለበስኳት።

ህዳር 2

ዶክተሯ ለመጽሔቱ የምትልከውን ማረሚያ አሳየችኝ። ውጤቱ ሲቃና እንደማንም ሰው ውጤት ሆኗል። ኩሊዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበር የሚመላለሱት። የተገኘው ያ ብቻ ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። "ስህተቱ የተፈጠረው ሕመማቸው በወቅቱ ባልታወቀ አንዲት የቀድሞ ባልደረባ ነው።" ስም የለውም። ግን ይህን ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቃል።

"በደግነት ነው የጻፍኩት" አለች ዶክተሯ። "አይደለም?"

"ነው።"

"አንድ ነገር ብቻ። የሕመሟን ምልክት መጀመሪያ ያየህበትን ቀን ልትነግረኝ ትችላለህ? በግምት ባይሆን። በሚቀጥለው ሐሙስ ይላካል።"

"የምጽፍበት ደብተር አለኝ" አልኩ። ደብተር እንዳለኝ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ህዳር 4

የድሮ ደብተሮቼ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ናቸው፣ በጫማ ካርቶን። የሁለት ዓመቱን አወረድኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩበትን ቀን በደንብ አስታውሰዋለሁ። አገኘሁት።

"ነሐሴ 3። የሰማንያ አንዱን ሳጥን ለልኬት አወጣሁ። ነጥብ የለውም። የክዳኑን ጽሑፍ አይቼ አቀናሁት። እትዬ ነጥብ ረሳች! እሷ! እርጅና ይሆን… ወይስ ሌላ ነገር?"

ይኸው። የበሽታዋ የመጀመሪያ ቀን። ክዳኑ በአራቱም በኩል እንደሚገጥም ያን ቀን አላሰብኩም። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ፈለግሁ… ምናልባት ከዚያ በፊትም ምልክት ይኖር ይሆናል ብዬ ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ለዶክተሯ ትክክለኛ ልሁንላት ብዬ።

"ሰኔ 11። እትዬ ጥርሷን ተነቅላ ለሦስት ቀን ፈቃድ ላይ ናት። የሰማንያ አንዱን ሳጥን እኔ ደርድሬ ዘጋሁ። የጥፍር ቀለሟ መሳቢያዋ ውስጥ ተቆልፎበታል። በእስክርቢቶ ነጥብ አድርጌያለሁ። ስትመጣ በቀለም እንድትደግመው ንገራት።"

ንገራት።

ሰኔ 12 ላይ ጫማ መግዛቴን ጽፌያለሁ። ጠቦኛል ይላል። ጫማውን አስታውሳለሁ። ተረከዜ የቆሰለበትን ቦታ ሳይቀር። ሳጥኑን አላስታውስም። የእጄ ጽሑፍ ነው፣ ቀለሙም የዚያ ጊዜው አረንጓዴ እስክርቢቶ ነው… ሳጥኑን ግን አላስታውስም።

ነሐሴ 3 የበሽታዋ የመጀመሪያ ቀን አልነበረም። የእኔ ቀን ነው። የማን ቀን? የምን?

ህዳር 5

ሰው ይረሳል። ማንም ይረሳል። ጤነኛም ይረሳል።

የአንድ እናት ልጆች ነን። ኩሊው ዓይነት ዓይነት አለው፤ አንዱ ዓይነት ሰነፍ ነው፣ ለበሽታው ያጋልጣል፣ ይወረሳል። ላቦራቶሪው ውስጥ ያለው መሣሪያ በአንድ ቀን ይነግረኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቡ ቆሜ አንዲት ጠብታ ደሜን አልሰጠሁትም።

እሱን እንተወው። የሚያቃጥለኝ እሱ አይደለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ እውነት ስትናገር ነበር። ከጠፋው ሁሉ ተርፎ የቀረላት አንዱ። እኔ በሽታ ነው ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

ይህን ደብተር ከኔ በቀር የሚያነበው የለም።

ህዳር 6

ነገርኳት። ለእሷ መጀመሪያ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ ሳጥኑን የነካሁት እኔ ነኝ። አንቺ አይደለሽም። በእስክርቢቶ ነጥብ አድርጌ ረሳሁት። ሳወጣውም ያዞርኩት እኔ ነኝ።"

ወደ በሩ ዞር አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሰው ሰምቶሃል?"

"አልሰማም።"

"ዝም በል በቃ። እኔ ነኝ እላለሁ።"

"እትዬ…"

"ዝም በል አልኩህ ማሙሽ። አፍንጫህን ጥረግ። እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።"

ህዳር 7

ምንም አልተናገርኩም።

ህዳር 9

ዛሬም። ዶክተሯ "ቀኑን አገኘኸው?" አለችኝ። "እየፈለግሁ ነው" አልኩ። እትዬ ራሷ ፈቅዳለች… ይህን አሰብኩ። በእውነት፣ በቀን ብርሃን፣ እጄን እየታጠብኩ አሰብኩት። አባባ ላይ የምንጫወተውን ጨዋታ በአምሳ ሦስት ዓመቴ።

ህዳር 11

ነገ ማረሚያው ይላካል። ዛሬ ቢሮዋ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ።

"ሳጥኑን የደረደርኩት እኔ ነኝ። እትዬ ፈቃድ ላይ ነበረች።"

ትቆጣለች ብዬ ነበር የፈራሁት። ዶክተሯ ግን ውሃ ቀዳችልኝ።

"ለእህትህ ብለህ ነው። ይገባኛል። እኔም ብሆን…"

"ለእህቴ ብዬ አይደለም።"

"አስታወስከው?"

"አላስታወስኩትም። ጽፌዋለሁ።"

"አታስታውሰውም፣ ግን አንተ ነህ።" ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። "ጫና በዝቶብሃል። አሳየኝና እናያለን። እስከ ሰኞ አቆየዋለሁ። ቅዳሜ እትዬን ልጠይቃት መምጣቴ አይቀርም።"

ማመን አልቻለችም። እትዬም እንዲህ ነበር የተሰማት?

ህዳር 14

ዶክተሯ ብርቱካን ይዛ መጣች። እትዬ አላወቀቻትም። አስተማሪ ናት ብላ ተነስታ ቆመች።

"ይቀመጡ እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ ተማሪዎ።"

እትዬ አልተቀመጠችም። እጆቿን ከፊቷ አቆላልፋ ያዘች።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምኑን?"

"ሳጥኑን። እኔ ነኝ ያዞርኩት። እሱ ልጅ ነው፣ አያውቅም።"

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ያ ሐዘኔታ ተመልሶ ሲመጣ አየሁት። ይኸው፣ ራሷ አመነች። አሁን ዝም ብል በቃ ያበቃል። ለዘላለም። እትዬም አየችኝ፤ ዝም በል የሚለው የድሮ አስተያየቷ።

ደብተሩን ከኪሴ አወጣሁ። ሰኔ 11ን ገልጬ ሰጠኋት።

ቆማ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ነሐሴ 3ን አሳየኋት። ቀጥላ ሌላ ገጽ ሳታነብ አልቀረችም፤ ስለ እሷም የጻፍኩት አለ። ተዋት፣ ታንብብ።

"ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር ያኔ" አለች በመጨረሻ። "ጥርሷን በታመመችበት ሰሞን። አሁን ትዝ አለኝ።" ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

እትዬ ብርቱካን ትቆጥር ነበር።

ህዳር 18

ማረሚያው ዛሬ ተላከ። ዓረፍተ ነገሩ ተለውጧል። "በአንድ ባልደረባ" ይላል። እኔ ነኝ።

የፍሪዘሩን ክፍል ቁልፍ አስረከብኩ። ዶክተሯ "ለጊዜው" አለች፤ ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ምርመራ ላድርግ አላድርግ ገና አልወሰንኩም። ሰሌዳውን ግን እኔው ልስቀለው ብዬ ለመንኳት። ከውጭ በኩል ስለሆነ ቁልፍ አያስፈልገውም። አጉሊ ደግፎ ያዘልኝ፣ እኔ በካቻቢቴ አጠበቅሁ። አራቱንም ብሎን።

"ተጣሟል" አለ።

"አልተጣመመም።"

"ትንሽ ነው። እኔ ስለማጎላ ነው።"

ወደ ቤት መጣሁ። መምህሯ ኮቷን ለብሳ ጠበቀችኝ። "ያንን አልነካሁትም ማለቱን ትታለች" አለችኝ። "ተመስገን። አሁን ደግሞ ቀኑን ሙሉ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ። ፖስታ ለሚያመጣው ሰውዬ ሳይቀር።"

እትዬ መስኮቱ አጠገብ ናት።

"ማሙሽ፣ ተቆጡህ?"

"አልተቆጡኝም።"

"አየህ? እኔ ነኝ ስላቸው ነው።"

ሰሌዳሽን መለስነው አልኳት። የቱን ሰሌዳ አለችኝ። እንዳልነካችውም ነገርኳት፤ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብዬ። እጄን መታ መታ አደረገችኝ። አላመነችኝም።

እሷ ረስታዋለች። እኔም ከዚህ በፊት ረስቼው አውቃለሁ፤ ነገም በራሴ አልተማመንም። ስለዚህ ይጻፍ፣ ከቀኑ ጋር። ህዳር 18። ሳጥኑን እትዬ አልነካችውም።